የኮምፕሬሰር አየር ወደ ሰውነት ሲገባ
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ኮሚቴው ከሒሳቡ ሪፖርት በኋላ ስለ ጤና ጥቂት እንድናገር ሲጠይቀኝ፣ ብዙዎቻችሁ ስለ ደም ግፊት ወይም ስለ ስኳር በሽታ ያወራል ብላችሁ እንደጠበቃችሁ እገምታለሁ። ስለ እነርሱ በየጤና ጣቢያው በየዕለቱ ይነገራል። እኔ ግን የሥራ ዘመኔን በቀዶ ሕክምና ክፍል የጨረስኩ ጡረተኛ ነርስ እንደመሆኔ መጠን፣ ሰው አፉን ሞልቶ የማያነሣውን፣ ይሁንና በሠፈራችን ልጆች ላይ በማናቸውም ቀን ሊደርስ የሚችለውን አንድ አደጋ መርጫለሁ። ይኸውም የኮምፕሬሰር አየር ወደ ሰው ሰውነት ገብቶ በውስጥ አካል ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ነው። በንግግሬ ውስጥ «ፊንጢጣ» የሚለውን ቃል ደጋግሜ እጠራለሁ። አባቶችና እናቶች ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ሌላ ቃል ፈልጌ ነበር፣ ነገሩን የሚያድበሰብስ እንጂ የሚያስረዳ አላገኘሁም።

እስቲ ሠፈራችንን በዓይነ ኅሊናችሁ ዙሩት። መልሶ ማልማቱ አሮጌውን ቤት አፍርሶ ኮንዶሚኒየሙን ቢተካም፣ ከመንገዱ ዳር ጎሚስታው አልጠፋም። ወደ አብነትና ወደ ተክለ ሃይማኖት ስትወጡ ጋራዡና ላቫጆው አለ፤ ወደ መርካቶ ዘልቃችሁ ሶማሌ ተራ ስትደርሱማ የመኪና ነገር ሁሉ እዚያ ነው። እንጨት ቤቱም፣ ብረት ቤቱም፣ ቀለም ቀቢውም ኮምፕሬሰር አለው። ጎሚስታ የሚለውንም ሆነ ቸርኬ የሚለውን ቃል ከጣሊያን ተቀብለን የራሳችን አድርገነዋል፤ በዚህ ሙያ ቤተሰብ ያስተዳደረ፣ ልጅ ያስተማረ አባል እዚሁ መካከላችን ተቀምጧል። ስለዚህ ሙያውን የምነቅፍ እንዳይመስላችሁ። የምናገረው ስለ ቱቦው ነው።

ነገሩን በቁጥር ላስረዳ። መኪና ያለው ሰው ጎሚስታ ጋ ቆሞ «30 ሙላልኝ» ሲል፣ በእያንዳንዱ ኢንች ካሬ ላይ 30 ፓውንድ ግፊት ይኑረው ማለቱ ነው። የከባድ መኪና ጎማ 100 እና ከዚያም በላይ ይወስዳል። ስለሆነም የኮምፕሬሰሩ በርሜል አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 የሚደርስ ግፊት አምቆ ይይዛል። ታዲያ የሰው ትልቁ አንጀት ስንት የሚችል ይመስላችኋል? ቡርት የተባለ ሐኪም በ1931 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ባሳተመው ጥናት፣ የሰው ትልቁ አንጀት ከዳር እስከ ዳር ዘልቆ የሚቀደደው በአማካይ 4 ገደማ ላይ ሆኖ አግኝቶታል። አርባ አላልኩም፤ አራት ነው። ለትንሽ መኪና ጎማ ከምናስሞላው ከሰባት አንድ እጅ ገደማ መሆኑ ነው።

እንግዲህ በርሜሉ ከ100 በላይ ይዞ፣ አንጀቱ 4 ላይ የሚቀደድ ከሆነ፣ ጉዳት ለማድረስ አንድ ወይም ሁለት ሴኮንድ ይበቃል። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉልኝ፤ የቱቦው አፍ ወደ ሰውነት መግባት የለበትም። ከውጭ ሆኖ፣ በልብስ ላይ፣ በቱታ ላይ ተደግኖ ቢለቀቅም አየሩ ጨርቁን አልፎ፣ ፊንጢጣውን ከፍቶ ይገባል። «ልብሱን ለብሶ ነበር እኮ፣ ምን ሊሆን ይችላል?» የሚል ሰው ብዙ ነው። ልብስ አየር አይከለክልም።

ገብቶ ምን ያደርጋል? ወደ ላይ እየሮጠ ትልቁን አንጀት እንደ ፊኛ ይነፋዋል። ብዙውን ጊዜ የሚቀደደው የፊንጢጣው አንጀት ተጣጥፎ ወደ ግራ በሚዞርበት አካባቢ ነው፤ ከዚያም ወዲያ ባሉት እጥፋቶች ላይ ሊሆን ይችላል። ከተቀደደ በኋላ አየሩና ዓይነ ምድሩ ወደ ሆድ ዕቃው ባዶ ቦታ ይፈስሳሉ። ዓይነ ምድሩ የሆድ ዕቃውን ሽፋን ያመረቅዛል፤ ይኸ ሰዓታትን ይወስዳል። አየሩ ግን ሰዓታት አይጠብቅም። ሆድን እንደ ከበሮ ወጥሮ ሳንባን ከሥር ወደ ላይ ይገፋል፣ ሰውየው መተንፈስ ያቅተዋል። ከሆድና ከእግር ወደ ልብ የሚመለሰውን ትልቁን የደም ሥር ደግሞ ይጫነዋል፤ ልብ የምትረጨው ደም ያጥራታል፣ የደም ግፊት ይወርዳል። ስለዚህ ጉዳተኛው በመመረዙ ሳይሆን በመታፈኑ ብቻ በአጭር ጊዜ ውስጥ ሊሞት ይችላል።

ይኸ ነገር አዲስ አይደለም። በሕክምና ጽሑፍ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበው በ1904 (እንደ አውሮፓውያን) ነው፤ የታመቀ አየር በፋብሪካ ከተለመደ ብዙም ሳይቆይ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ከሕንድ፣ ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓ የተጻፉትን ስታነቡ ታሪኩ ይመሳሰላል። ወጣት ወንዶች ናቸው፤ አብረው የሚሠሩ ናቸው፤ ብዙ ጊዜም ጠላቶች አይደሉም። ሥራ አልቆ ከልብሳቸው ላይ አቧራውን በአየር እያራገፉ ሳለ አንዱ ሌላውን «ላስደንግጠው» ብሎ ቱቦውን ከኋላው ይደግናል። ሳቅ ይሆናል። ከዚያ ሳቁ ይቆማል።

ቀልድ ያልሆነበትም ጊዜ አለ። በ2007 ዓ.ም. ክረምት ላይ፣ በባንግላዴሽ አገር ኩልና በምትባል ከተማ፣ ዕድሜው 12 ዓመት ገደማ የሆነ የጋራዥ ልጅ በዚሁ መንገድ ተገድሏል። ጥፋቱ የቀድሞ አሠሪውን ትቶ ሌላ ጋራዥ መግባቱ ነበር። የአገሩ ሕዝብ አደባባይ ወጣ፤ ፍርድ ቤቱም በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በ2008 ዓ.ም. ጥቅምት፣ በሁለት ሰዎች ላይ የሞት ፍርድ ሰጠ። በኋላ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ቅጣቱን ወደ ዕድሜ ልክ እሥራት ለውጦታል። በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል እንኳ ገና ዓመት ሳይሞላ፣ በ2008 ዓ.ም. ሐምሌ፣ በዚያው አገር በአንድ የክር ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ የ10 ዓመት ልጅ በተመሳሳይ ሁኔታ ሞተ። ይኸንን የምነግራችሁ ባንግላዴሽ ክፉ አገር ነው ለማለት አይደለም። እዚያ ጋዜጣ ጻፈው፤ እዚህ ሰው ሲሞት «ሆዱን አሞት ነበር» ተብሎ የሚቀበር ከሆነ ማን ይቆጥረዋል?

በእኛም አገር የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዳይቀጠር ከልክሏል፤ 15 ሞልቶት 18 ያልደረሰውንም ለጤናው አደገኛ በሆነ ሥራ ማሠራት አይቻልም። በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳትም አሠሪው የሕክምናውን ወጪ የመሸፈን ግዴታ አለበት። ለምዶልን ከጠዋት እስከ ማታ ጎማ የሚያንከባልለውን ልጅ «ሙያ እየቀሰመ ነው» እንለዋለን። መቅሰሙስ ይቅሰም፤ ግን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማታ የት እንደሚያድር የሚያውቅ ሰው ይኑር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከዚህ ጉዳት ሰው ይድናል። በጊዜ ከደረሰ፣ ብዙ ጊዜ ይድናል። የሚገድለው መዘግየት ነው፤ የሚያዘገየውም በአብዛኛው እፍረት ነው። እሠራበት በነበረው የቀዶ ሕክምና ክፍል አንድ ወጣት በሦስተኛው ቀን መጣ። ሆዱ ተወጥሯል፣ ዓይኑ ጎድጉዷል፣ ትኩሳቱ የሚያቃጥል ነው። «ምን ሆንክ?» ስንለው «ጨጓራዬን ነው» ይላል። ያመጣው ወንድሙም «ጨጓራውን ነው» ይላል። ሦስት ቀን ሙሉ ለጨጓራ የሚሆን ተሰጥቶታል፤ ወጌሻም ሆዱን አሽቶታል። ሐኪሙ ሰው ሁሉ ከክፍሉ እንዲወጣ አድርጎ፣ ከአጠገቡ ተቀምጦ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲጠይቀው ነው እውነቱ የወጣው። የሥራ ጓደኞቹ ናቸው ያደረጉት፤ «ለማንም እንዳትናገር፣ መሳቂያ ትሆናለህ» ብለውታል። ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፣ ግን አልተረፈም። ለእናቱ ምን ብሎ እንደሚነግራት ወንድሙ ሲጨነቅ ትዝ ይለኛል፤ ሞቱን አልነበረም፣ ምክንያቱን ነበር።

ስለዚህ አንድ ልጅ ከሥራ ሲመለስ ምን ብናይ እንጠርጥር? ሆዱ በድንገት ቢነፋ፣ ሲነኩት እንደ ሰሌዳ ቢጠነክር፣ ቁርጠቱ ጎንበስ ቢያደርገው፣ ትከሻውን አመመኝ ቢል (የሆድ አየር ትከሻ ላይ ያሳምማል፤ እንግዳ ነገር አይምሰላችሁ)፣ በፊንጢጣው ደም ቢወርድ፣ ትንፋሽ ቢያጥረው፣ ላብ ቢያጠምቀው። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ አየሩ ከቆዳ ሥር ገብቶ ሆዱ፣ ደረቱ ወይም አንገቱ ሲዳሰስ ከጣት ሥር እንደ ደረቅ ቅጠል ይንኮሻኮሻል። ይኸን ያያችሁ እንደሆነ ጥርጣሬውን ትታችሁ ተነሡ። ምንም ምልክት ሳይታይ አየር እንደገባበት ብቻ ካወቃችሁም መሄድ አለበት፤ አንጀቱ በመጀመሪያው ቀን ሳይቀደድ ሳስቶ ቆይቶ በማግሥቱ ወይም በሠልስቱ ሊበሳ ይችላል። ሐኪሞች ደህና የሚመስለውን ሰው «አድሮ ይታይ» የሚሉት ለዚህ ነው።

እቤት ወይም እጋራዡ ውስጥ የምናደርገው ጥቂት ነው፤ የማናደርገው ይበዛል። ኮምፕሬሰሩ ይጥፋ። ሰውየው በአፉ ምንም አይውሰድ። ውኃም፣ ወተትም፣ ጤና አዳም የተነከረበት ቡናም፣ አረቄም፣ የሕመም ማስታገሻ ክኒንም ቢሆን። የቀዶ ሕክምና ሊደረግለት ነውና ሆዱ ባዶ ይሁን፤ የተቀደደ አንጀት ደግሞ የሚገባበትን ሁሉ ወደ ውጭ ያፈስሰዋል። ሆዱ አይታሽ፣ አይጫን። አየሩን እናስወጣለን ብላችሁ በፊንጢጣው ጣት፣ ጎማ ወይም የእንቅልል ውኃ አታስገቡ። ትንፋሽ ካጠረው ጀርባውን ደግፋችሁ ከፍ አድርጉት፣ ጉልበቱን እጠፉለት። ራሱን ሊስት ከደረሰ አጋድሙት፤ የሚያስመልሰው ከሆነ በጎኑ አዙሩት። ጋቢ ደርቡለት። ትንፋሹ ከቆመ ደረቱን መጫን የሚያውቅ ሰው ይጀምር።

ቀጥሎ መኪና ነው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር፣ በ1927 ዓ.ም. ከጣሊያን ወረራ ዋዜማ የተቋቋመው፣ በአዲስ አበባ የአምቡላንስ ስልኩ 907 ነው። ከዘገየባችሁ በላዳም በራይድም ውሰዱት፤ አምቡላንስ እየጠበቁ ሰዓት ማቃጠል አያስፈልግም። ወዴት? ቀዶ ሐኪም ሌትና ቀን ወዳለበት ሆስፒታል። ለልደታ ሰው ጥቁር አንበሳ ሩቅ አይደለም፤ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊስት ሐኪሞች የሚሠለጥኑበት ቤት ነው። በመንገድ ላይ ወዳለ ትንሽ ክሊኒክ ጎራ ብሎ ግሉኮስ ማስተከል ያለቦታው ጊዜ ማጥፋት ነው። በር ላይ ስትደርሱ የመጀመሪያው ቃላችሁ «የኮምፕሬሰር አየር በፊንጢጣው ገብቶበታል» ይሁን። በስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደተለቀቀ፣ የበርሜሉ መለኪያ ስንት ያሳይ እንደነበር የሚያውቅ ሰው አብሮ ይሂድ፤ ያደረገው ልጅ ራሱ ቢሆን እንኳ። እዚያ ላይ ጠቡ ይቆየን። የሚያውቀው እርሱ ነው።

እዚያ የሚደረገውን ሰው ስለሚፈራው ላብራራ። ሐኪሙ ሆዱ በጣም ተወጥሮ ትንፋሽ ሊያሳጣው እንደደረሰ ካየ፣ ሌላውን ሁሉ ሳይጠብቅ ወፈር ያለ መርፌ በሆዱ ቆዳ አሳልፎ አየሩን ያስተነፍሳል። አየሩ እፍፍ ብሎ ሲወጣ የሰውየው ትንፋሽ ወዲያው ሲመለስ ይታያል። (ይኸንን ሰምታችሁ እቤት ውስጥ መርፌ እንዳታነሡ፤ የሚሠራው ቦታውን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።) ከዚያ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ወይም ቆሞ ራጅ ይነሣል፤ አየር አምልጦ ከሆነ ከሳንባው ሥር እንደ ጥቁር ጨረቃ ሆኖ ይታያል። በደም ሥሩ ፈሳሽና ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ይሰጠዋል፤ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ይገባል። ቶሎ ከደረሰና ሆዱ ካልቆሸሸ ቀዳዳው ሊሰፋ ይችላል። ከዘገየ ወይም ከተበላሸ የተጎዳው አንጀት ተቆርጦ፣ ጫፉ በሆዱ ቆዳ በኩል ይወጣና ለጊዜው በከረጢት ይጸዳዳል። ቤተሰብ ይኸንን ሲሰማ «ከሚሆንስ ይሙት» ብሎ ሲከራከር ሰምቻለሁ። ኧረ ተው! አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሶ ይዘጋል፤ ሰውየው አግብቶ ወልዶ ይኖራል።

ስለ ሌሎቹ መግቢያዎች ባጭሩ። በአፍ የተለቀቀ አየር የምግብ ቧንቧን ወይም ሳንባን ሊቀድድ ይችላል፤ አንገት ካበጠ፣ ድምፅ ከተለወጠ፣ ደረት ከወጋው ሆስፒታል ነው። ጣት ወይም መዳፍ ላይ የተለቀቀ አየር ከቁስል ገብቶ እጅን ያሳብጣል፤ ቀለበት ካለ ሳያብጥ በፊት አውልቁ፣ እጁን አትሹት። የቀለም መርጫ ወይም የግራሶ መሣሪያ ከሆነ ደግሞ ቀዳዳው የመርፌ ጫፍ ቢያህልም በዚያው ቀን ቀዶ ሐኪም ይየው፤ ውስጡ የገባው ቀለም እጅ ያስቆርጣል።

የከባድ መኪና ጎማ ፍንዳታ ራሱን የቻለ ነገር ነው። ባለ ቀለበቱ ቸርኬ በትክክል ሳይገጥም ከተሞላ ቀለበቱ እንደ ጥይት ይወጣል፤ ስለዚህ በብረት ሣጥን ውስጥ ተደርጎ፣ ሰው ከፊቱ ሳይቆም፣ ከርቀት ሆኖ መሞላት ይገባዋል። በፍንዳታው ያልተመታ ሰው እንኳ የአየሩ ምት ሳንባውን፣ ጆሮውንና አንጀቱን ሊጎዳው ይችላል። አፈሩን አራግፎ «ደህና ነኝ» ቢልም ጆሮው ከደነቆረ፣ ካሳለው፣ ደም ከተፋ ወይም ሆዱን ካመመው እንዲሄድ አትፍቀዱለት።

ከንግግሩ በኋላ ጥያቄዎች ቀርበው ነበር፤ ጸሐፊያችን ሁለቱን እንዳክል ስለጠየቁኝ እነሆ።

አንዲት እናት፣ «ልጄ ቢደብቀኝስ? እኔን እንዴት ብሎ ይነግረኛል?» አሉኝ። ለእናቱ ላይነግር ይችላል፤ እውነት ነው። ስለዚህ አንቺ አትጨቅጭቂው፤ አጎቱን፣ ታላቅ ወንድሙን፣ የሚያከብረውን ሰው ጥሪለት፤ ብቻቸውን ይሁኑ። «ማን አደረገህ?» ከማለት በፊት «አየር ነክቶሃል ወይ?» ተብሎ ይጠየቅ፤ «አዎ» ወይም «አይ» ማለት ይቀልለዋል። ዝም ካለም ሆዱ ይናገራል፤ ይዛችሁት ሂዱ፣ ጥርጣሬያችሁንም ለሐኪሙ ንገሩ።

አንድ አባት ደግሞ፣ «ከኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ በምን እናወርደዋለን? የዕድሩን ቃሬዛ ለሕያው ሰው ማውጣት ገደ ቢስ አይሆንም ወይ?» ሲሉ አዳራሹ ሳቀ። ጥያቄው ግን ትክክለኛ ነው። ደረጃው ጠባብ ነው፣ ሆዱ የተወጠረን ሰው አዝሎ ማውረድ ሆዱን መጫን ነው። ቃሬዛው ብረትና ሸራ ነው፤ ማንን እንደሚሸከም አያውቅም። ችግሩ ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ከድንኳኑና ከወንበሩ ጀርባ መቀመጡ፣ ቁልፉም በአንድ ሰው እጅ ብቻ መሆኑ ነበር። ኮሚቴው በዚያው ስብሰባ ቃሬዛው ወደ በሩ እንዲወጣ፣ ሁለተኛው ቁልፍም ሌሊትም ከማይታጣው ከጥበቃው ዘንድ እንዲቀመጥ ወስኗል። ለመኪና የሚሆን ገንዘብ ከመጠባበቂያው ወጥቶ በኋላ እንዲተካ የቀረበው ሐሳብ ግን በድምፅ ብልጫ ለሚቀጥለው ጉባኤ ተላልፏል።